ለጋሼና ለደከማችሁልን ሁሉ፤ የምስጋና መልእክት ከጅማ

ፈጣሪ ይመስገን፣ የደመናው ሞዴል (ደመናን በኮምፒውተር የምናሰላበት ፕሮግራም) ዳር ደርሷል። ያለፈውን አብራችሁን ስላያችሁት አንዘረዝረውም።

ጋሼ፣ ስሜ እንዳይነሳ ስላሉን አንጠራዎትም። ዝም ማለት ግን አልሆነልንም። የተመራማሪው የዴሞት የ2010 (እ.ኤ.አ.) ቀመር ከ0.5 ማይክሮሜትር የሚበልጡ ብናኞችን በኩቢክ ሴንቲሜትር ተቀብሎ የበረዶ ዘሩን (ውሃ በረዶ እንዲሆን መነሻ የሚሆነውን ብናኝ) ቁጥር በሊትር እንደሚመልስ፣ ሁለቱም በመደበኛ ግፊትና ሙቀት የተሰሉ በመሆናቸው ከላይ ወዳለው ስስ አየር ካልተመነዘሩ ቁጥሩ ከልኩ በላይ እንደሚያብጥ በእስክሪብቶ እያሰመሩ ያሳዩን እርስዎ ነዎት።

በሞዴላችን ውስጥ ደመናው ለምን ውሃ አልባ እንደሚሆን ያስረዱን ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ቀመሩ በየታይም ስቴፑ (ሞዴሉ በሚራመድበት በእያንዳንዱ አጭር የጊዜ እርምጃ) ሲጠራ ቀድሞ የተፈጠረው በረዶ ካልተቀነሰ፣ ያው ብናኝ ደጋግሞ በረዶ ይወልዳል። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ለውሃ ልክ የሆነው እርጥበት ለበረዶ 16 ከመቶ ገደማ ትርፍ ነው። የበዛው በረዶ እንፋሎቱን ወደ ራሱ ይስባል፣ ጠብታዎቹ ይተናሉ፣ ውሃው ያልቃል። ያለውን በረዶ መቀነስ ብቻውንም አያድንም፤ በረዶው ወደ ታች ሲወርድ ላይ ያለው ቁጥር ያንስና ቀመሩ መልሶ ይሞላዋል። ብናኙ ማለቂያ የሌለው ይመስላል! ስለዚህ ብናኙን ራሱን በሞዴሉ ውስጥ መከታተል፣ በረዶ በሆነ ቁጥር ከሂሳቡ ማውጣት፣ በረዶው ከተነነ መመለስ። እንዲህ በጥቂት ቃል የተጻፈው ስንት ምሽትዎን እንደበላ እናውቃለን። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን፤ ከዚህ በላይ ቃል ጠፋን።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ልናልፍ ነበር። የማገዶን ጭስ ከአቧራ ጋር ደምሮ መቁጠር ቀላል ይመስላል። ጋሼ ግን አይሆንም ብለው ለዩልን። ጭስ የደመናን ጠብታ ያበዛል፣ ያሳንሰዋልም፤ በእነዚህ ሙቀቶች ግን ጥቀርሻ ደካማ የበረዶ ዘር ነው። ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ያለበት የበረሃ አቧራ ይበልጠዋል። ከዜሮ በታች ከ3 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ንብርብር በረዶው ከብናኙ ቁጥር በላይ ሲገኝም ወዲያው ብናኙን አትክሰሱ፤ ጠብታ የሚለጠፍበት በረዶ ስብርባሪ ይረጫልና የሃሌትና የሞሶፕን ሂደት አስቀድማችሁ እዩ ያሉንም እርስዎ ነዎት።

መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ያስነሳችሁ፣ ሪስታርት ፋይሎቹን (ስሌቱ ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥልባቸውን) የጠበቃችሁ፣ ቡና ያፈላችሁልን እናቶች፣ በጸሎትና በዱዓ ያሰባችሁን የጅማ ወዳጆች ሁሉ፣ ገለቶማ፣ እናመሰግናለን።

ስማችሁ ያልተነሳ ብዙ ናችሁ፤ ከውለታ ቢስነት አትቁጠሩብን፣ ይቅር በሉን። የተስተካከለውን ኮድና ውጤቱን የምትፈልጉ ኤክስተርናል ዲስክ ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ በኢንተርኔት አይላክም።