ታፋ ሰልሎ እንዳይቀር፦ ከአራት ኪሎ ሰፈራችን የድጋፍ ጥሪ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ! ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ የሰፈራችን ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበት የጡንቻ ማነቃቂያ ማሽን እንድንገዛ እርዳታችሁን ልንጠይቅ ነው።

የጉልበቴ ጅማት የተበጠሰው ጃንሜዳ ላይ ነው። የቅዳሜ ጠዋት ኳስ ነበር። ማንም አልነካኝም። ሮጬ ልዞር ስል እግሬ መሬት ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ጉልበቴ ብቻውን ዞረ። ሁለት ወር ወጌሻ ጋ ተመላለስኩ። ወጌሻው ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ብርም አላስከፈሉኝም። ግን ጉልበት ውስጥ የተበጠሰ ጅማት በማሸት አይቀጠልም። በመጨረሻ ቤተሰብ ተረባርቦ፣ የእናቴ እቁብ ተለምኖ ቀድሞ ወጥቶልን ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ከታፋዬ ጀርባ ጅማት ተወስዶ በተበጠሰው ፋንታ ተተካልኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን ተገላገልክ" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን "እግርህን ቀጥ አድርገህ ከአልጋው አንሳ" ተባልኩ። እምቢ አለኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ አልቦኝ ሞከርኩ፤ ታፋዬ ግን ዝም። የሌላ ሰው እግር አጠገቤ የተጋደመ ይመስል ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ።

ምክንያቱን ያስረዳችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት። ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ፣ ከመገጣጠሚያው የሚነሳው መልእክት የፊት ታፋ ጡንቻን ሥራ ያፍነዋል። ጡንቻው አልተቆረጠም፣ ነርቩም ደህና ነው። ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ነው በሙሉ ኃይሉ የማይደርሰው። ያልታዘዘ ጡንቻ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሰልላል። የኔን ሁለት ታፋዎች በሜትር ስንለካቸው የ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነበራቸው።

የጡንቻ ማነቃቂያ ማሽን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰፋ ያሉ ፓዶች ታፋ ላይ ይለጠፋሉ። የሚመጣው ኤሌክትሪክ ቆዳውን አልፎ ነርቩን በቀጥታ ይቀሰቅሰዋል፤ ጡንቻውም ይጨበጣል። 10 ሰከንድ ያህል ይጨበጣል፣ 50 ሰከንድ ያርፋል። ይህ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይደጋገማል፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን። ታማሚው ዝም ብሎ አይተኛም፤ ማሽኑ ሲጨብጥ እሱም አብሮ ያጠብቃል። ሰው "ኤሌክትሪክ ሊይዘኝ ነው" ብሎ ይፈራል። እኔም ፈርቼ ነበር። መጠኑ የተለካ ነው፣ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ነው የሚጨመረው። ግን አልዋሻችሁም፤ ጠንከር ሲል ደስ አይልም። ዝም ያለው ታፋዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥብቅ ሲል እናቴ አጠገቤ ነበረች። "በስመ አብ!" ብላ አማተበች፤ ቀጥላ እልል አለች።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ እኔ ገንዘቤን የጣልኩበት ነው። ለፊዚዮቴራፒ መመላለሱ ከበደኝ። በክራንች ሚኒባስ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ ኮንትራት ታክሲ ደግሞ ከሕክምናው በላይ ያስወጣል። ስለዚህ ከአንድ ሱቅ ትንሽ ማሽን ገዛሁ። "ለጡንቻ ነው" አለኝ ሻጩ። ለካ ለሕመም ማስታገሻ የሚሆነው፣ ቴንስ የሚባለው ነው። ቆዳዬን ነዘረኝ፣ ጡንቻዬን ግን አላነቃነቀውም። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

የማሽኑ ኃይል ነገር ቀላል አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. ሊን ስናይደር-ማክለርና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት፣ ይህን ኦፕራሲዮን የተደረጉ 110 ሰዎችን አነጻጽሯል። ከአራት ሳምንት ሕክምና በኋላ በጠንካራው ማሽን የታከሙት የታፋቸው ጥንካሬ የጤነኛውን እግር 70 በመቶና ከዚያ በላይ ደርሷል። በራሳቸው ጥረት ብቻ ጠንክረው የሠሩት 57 በመቶ፣ ደካማ ማሽን የተሰጣቸው 51 በመቶ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ርካሹን ገዝተን "ማሽን አለን" ማለት አንፈልግም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው። ማንም ቤቱ ድንኳን ገዝቶ አያስቀምጥም፤ ሲቸግረው ከእድሩ ይወስዳል። ይህም ማሽን እንደዚያው ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚፈልገው ለ20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ እሱም ለተወሰኑ ሳምንታት። እያንዳንዱ ለብቻው ቢገዛው ቀሪውን ጊዜ ቁምሳጥን ውስጥ ይከርማል። እድሩ ከአዳራሹ ጎን ያለችውን ክፍል ሰጥቶናል። ያቺው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ረቡዕ ማታና ቅዳሜ ጠዋት በነፃ ልታገለግል ቃል ገብታለች። ቀለም ቀብተናል፣ መጋረጃ ሰቅለናል።

የጎደለን ሁለት ጠንካራ ማሽን ነው። ከዚያ ፓድ፤ ለንጽሕና ሲባል አንድ ሰው የለጠፈውን ሌላው አይለጥፈውም፣ ሙጫውም ያልቃል። እግር ማሰሪያ ያለው ከባድ ወንበርም ያስፈልገናል፤ ጡንቻው በኃይል ሲጨበጥ እግሩ መታሰር አለበት። ብየዳ ቤት ያላችሁ ወንድሞች፣ ይህችን ለእናንተ ትተናል። ከውጭ አገር የምትመጡ ደግሞ ማሽኑን በሻንጣ ልታመጡልን ትችላላችሁ። እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አማክሩን፤ የኔ ስሕተት እንዳይደገም።

100 ብርም ብትሆን ትመዘገባለች። የባንክ ሂሳቡ ቁጥር እድሩ በር ላይ ተለጥፏል፤ ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው። የግዢው ደረሰኝም እዚያው በር ላይ ይለጠፋል።

ማሽኑ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ልቡ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያለው፣ እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው አይጠቀምም። ቁስሉ ባልዳነ ቆዳ ላይ ፓድ አይለጠፍም። ያለ ሐኪም ፈቃድ ማንንም አንጀምርም። እንቅስቃሴውንም አይተካም፤ ደረጃው፣ ቁጭ ብድጉ፣ ወራት የሚፈጀው ልፋት ሁሉ እንዳለ ነው።

ከሰፈራችን እጅ ኳስ የምትጫወት አንዲት ተማሪ ጅማቷ ተበጥሶ ቀን እየጠበቀች ነው። የኦፕራሲዮን ቀጠሮዋ ከፋሲካ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ፓድ የሷ እንዲሆን ተስማምተናል።