ሰኞ ገበያ ጥዬሽ የሄድኩ ዕለት

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 2018

አሰላሙ አለይኩም እማዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የኅዳር ብርድ ደሴ ላይ እንዴት እንደሚያደርግ አውቃለሁና ጋቢውን ከትከሻሽ እንዳታወርጂ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ድምፅሽን ስሰማ ግን «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለየሽው ፊደል ዛሬም አልከዳሽም። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ እያልሽ አንብቢው። ለጎረቤት ልጅ እንዳትሰጪው። ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ነው በትልልቁ የጻፍኩት።

ያን ቀን ሰኞ ገበያ ላይ ዘንቢሉን አስይዤሽ የሄድኩት አኩርፌ አይደለም። «ልጄ ከእኔ ጋር መታየት አፈረች» ብለሽ ለአክስቴ እንደነገርሻት ሰምቻለሁ። እሱን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። በርበሬ ተራ ቆመን ነበር። አንቺ ዋጋ ትከራከሪያለሽ። ሰው ከግራም ከቀኝም ይገፋል። ከላይ የተወጠረው ላስቲክ በነፋስ ይርገበገባል። ማዳበሪያው ተደርድሯል፣ ጃንጥላው ቀይም ነው ሰማያዊም ነው፣ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ። ከዚያ መሬቱ ከእግሬ ሥር ዋለለ። ልወድቅ ነው አልኩ። ዘንቢሉን አስያዝኩሽና አንድ ሱቅ በር ላይ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ላቤ ይወርዳል፣ ልቤ ይመታል። አንቺ ዘንቢሉን ይዘሽ እያነከስሽ ብቻሽን ስትወጪ ከዚያ ሆኜ አይቼሻለሁ። ልጠራሽ ብዬ ምላሴ ደረቀ።

እማዬ፣ እኔን ሁልጊዜ ያዞረኛል። ዓመት ከ5 ወር ሆነኝ።

የጀመረኝ በ2016 ሰኔ ላይ ነው። አንድ ጠዋት አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ጣሪያው እንደ ወፍጮ ዞረ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ግን አስታወከኝ። ለጥቂት ቀናት ስተኛም ስነሳም እንዲያ እያደረገ ቆየና ተወኝ። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። እነሱ ከቦታቸው ሲለቁ እንዲህ ያደርጋል። ይሄንን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያ ሽክርክሪት ሄደ፣ ሌላ ነገር ተክቶ ሄደ። ሐይቅ ታንኳ ላይ የወጣን ዕለት ትዝ ይልሻል? ወርደን መሬት ከረገጥን በኋላ እንኳ ለትንሽ ጊዜ ሲያወዛውዘን ነበር። እኔ ከዚያ ታንኳ እስከ ዛሬ አልወረድኩም በይው። ስቀመጥ ይቀንሳል። ስቆም፣ ስራመድ፣ ስልክ ላይ ሳፈጥ፣ ዕቃ የተደረደረበት ሱቅ ስገባ ይብሳል። አንድም ቀን ግን አልወደቅኩም።

እሑድ እሑድ መምጣት ያቆምኩትም በዚሁ ነው። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ከዚህ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ሐረጎን ታውቂዋለሽ፤ ጠምዘዝ፣ ደግሞ ጠምዘዝ፣ ወደ 600 ሜትር ሽቅብ። መናኸሪያ ድረስ እሄድና ሚኒባሱ ሲሞላ አይቼ እመለሳለሁ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱን ሸሽተን ያንኑ መንገድ በእግራችን ስንወርድ፣ አንቺ ፌስታልሽን አዝለሽ፣ እኔ ፍራሹን ተሸክሜ፣ ምንም አላዞረኝም። ዛሬ በሰላም ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የሚያዞረኝ። ይሄ ለራሴም አልገባ ብሎኝ ነበር።

ደግሞ ወንበር ላይ ሆኜ ስሰግድ አይተሽ «ጉልበትሽን ነው?» ብለሽኝ ነበር። አዎ አልኩሽ። ጉልበቴን አልነበረም። ሱጁድ ወርጄ ቀና ስል ቤቱ ይዞራል። ዋሽቼሻለሁ፣ አፉ በይኝ።

መጀመሪያ የታየሁበት ቦታ ደሜን መረመሩ፣ ስኳሬን ለኩ፣ ግፊቴን ለኩ። ሁሉም ደህና ሆነ። «ምንም የለብሽም፣ አትጨነቂ» ብለው የማዞር ክኒን ሰጥተው ሸኙኝ። እማዬ፣ «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል እንደዚያ ያማል ብዬ አላስብም ነበር። ምንም ከሌለብኝ ለምን ያዞረኛል? ቤቴ ገብቼ «ዕጢ ነው፣ አላዩትም» እያልኩ ሳለቅስ አደርኩ። ክኒኑን ሁለት ወር ዋጥኩት። እንቅልፍ ብቻ አተረፍኩ። ያ ክኒን ለጥቂት ቀን እንጂ ለረጅም ጊዜ አይወሰድም፤ አንጎል ሚዛኑን መልሶ እንዳይለምድ ያዘገየዋል።

ከዚያ አንዲት ሐኪም አገኘሁ። ጆሮዬን አየች፣ ዓይኔን አየች፣ ግፊቴን አስተኝታም አስቁማም ለካች። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና «ለ30 ሰከንድ በአፍሽ ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ» አለችኝ። ገና ሳልጨርስ ጣቶቼን ወረረኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ክፍሉ ዋለለ።

«ይሄ ነው?» አለችኝ።

«ይሄ ነው!» አልኳት። እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ወር ማንም ሊያገኘው ያልቻለውን ነገር እሷ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ሰው ሲጨነቅ ሳያውቀው ትንፋሹ ይፈጥናል። ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከመጠን በላይ ይወጣል። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ጭው ይላል። ጭው ሲል ሰው ይበልጥ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ይበልጥ ይተነፍሳል። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ነበርኩ።

ቀጥላ ሁለት እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ «አውርጂው» አለችኝ። የወረደ መስሎኝ ነበር። ሲወርድ ጊዜ ነው ጆሮዬ ሥር ተሰቅሎ እንደኖረ ያወቅኩት። ማጅራቴ እንደ እንጨት ደርቋል። ጥርሴን ነክሼ ነው የምውለው። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮውና ከእግሩ፣ ከአንገቱ ጡንቻ በሚመጣው ስሜት ነው። አንገት ሲደርቅ የሚልከው ወሬ ይዛባል። አንጎል እሱን ሲጠራጠር ዓይን ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ገበያ መሃል ደግሞ ዓይን ምን ይያዝ?

ሐምሌ ላይ በደሴ ጭቃ እንዴት እንደምንራመድ አስቢው። ጣታችንን ቆንጥጠን፣ ጉልበታችንን አጠንክረን፣ ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን። ጭቃው ሲያልቅ ግን ሰው ይለቀዋል፣ እንደ ልቡ ይሄዳል። እኔ ከዚያች የሰኔ ጠዋት ወዲህ በደረቅ አስፋልት ላይ እንደዚያ ስሄድ ኖሬአለሁ። ጠጠሩ ቦታው ገብቷል፤ ጥንቃቄው ግን አለቀቀኝም።

ሕመሙ ስም አለው፤ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ አሳጥረው ፒፒፒዲ (PPPD) ይሉታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በበሽታዎች መዝገቡ አስፍሮታል። እንዲህ ያለ ማዞር 3 ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው የሚባለው። ሰፊ አደባባይ ሲገቡ የሚያዞራቸው ሰዎች እንዳሉ የአውሮፓ ሐኪሞች ከ150 ዓመት በፊት ጽፈዋል። ይሄን ስሰማ እንዴት እንደቀለለኝ! አንቺ «ዓይን ነው» ትይ ይሆናል። ዱዓሽን እፈልገዋለሁ፣ እንዳታቋርጪ። ከዱዓው ጋር ግን ይሄንንም እወቂልኝ።

«ምን ያስጨንቅሻል?» ስትለኝ ለሐኪሟ የነገርኳትን ለአንቺም ልንገርሽ። ይሄኛው ከሁሉም ይከብደኛል።

ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ሲወጣ ለ4 ወር ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ያኔ «ደውሎ ነበር፣ ሰላም ብሎሻል» እያልኩሽ ነበር። አልደወለም ነበር እማዬ። የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስልኬን ትራስ ሥር አድርጌ፣ አንገቴን ወደዚያው አጣምሜ ነው የማድረው። ጠዋት ደግሞ ለአንቺ የሚሆን ወሬ እፈጥራለሁ። ሪያድ ገብቶ ራሱ ሲደውልልሽ «ድምፁ ቀጠነ» አልሽኝ እንጂ ሌላ አልጠረጠርሽም። እሱ ከደወለ በሁለተኛው ሳምንት ነው ጣሪያው የዞረብኝ። ነገሩ ሲረጋ የሚታመም ብዙ ሰው አለ አለችኝ ሐኪሟ። አሁን በየሳምንቱ የሚደውለው እውነት ነው፣ አትጠራጠሪ።

ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም የነገርኩሽ። አንቺን ላለማስጨነቅ ብዬ የተሸከምኩት ከአንቺ ራሱ አራቀኝ። ይሄ አንገበገበኝ።

አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። ጠዋት ከሱብሒ በኋላ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ በአፍንጫዬ 4 እየቆጠርኩ አስገባለሁ፣ 6 እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። ትከሻዬን እስከ ጆሮዬ እሰቅለውና እለቀዋለሁ፤ ሲወድቅ ያለውን ልዩነት አዳምጣለሁ። ከዚያ አውራ ጣቴን ፊት ለፊቴ እዘረጋለሁ። ዓይኔን ጥፍሬ ላይ ተክዬ ጭንቅላቴን ወደ ግራና ቀኝ አዞራለሁ። ያዞረኛል። እንዲያዞረኝ ነው የማደርገውም። ትንሽ ትንሽ እያዞረው ነው አንጎል የሚለምደው። ተኝቼ መዋሉ ነበር የጎዳኝ።

ቦርከና ድልድይ ላይ ቆሜ የሚፈሰውን ውሃ ማየት አልችልም ነበር። መጀመሪያ አጥሩን ይዤ እስከ 5 ቆጠርኩ። ባለፈው ሳምንት ሳልይዝ 2 ደቂቃ ቆምኩ።

መድኃኒትም ጀምሬአለሁ። ሰርትራሊን ይባላል። የጭንቀት መድኃኒት ነው። «የእብድ መድኃኒት» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አንቺም ሰምተሽ ይሆናል። እኔም ለሁለት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞሬአለሁ። አላስተኛኝም፣ አላደነዘዘኝም፤ ፍርሃቱ ግን ረገብ አለ። ቶሎ አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። በራሴ እንዳላቋርጠውም ተነግሮኛል። ቡናም አንድ ስኒ ብቻ ሆኗል። አንቺ ዘንድ ስመጣ አቦሉን ጠጥቼ ቶናው ሲደርስ ስኒዬን ባዞር ቅር እንዳይልሽ። እስከ በረካ ግን ተቀምጬ አጫውትሻለሁ።

አልዳንኩም። ደህና ሳምንት አለ፣ ክፉ ሳምንት አለ። እንቅልፍ ባጣሁ ማግስት ታንኳዋ ትመለሳለች። ድሮ ያኔ ሐኪም ቤት እሮጥ ነበር፤ አሁን ሥራዬ እሄዳለሁ።

ስለ አንቺ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ባለፈው «እኔንም ንጋት ላይ ያዞረኛል» ብለሽኛል። የአንቺን ከእኔ ጋር አታመሳስዪው። አንቺ የግፊት መድኃኒት ትወስጃለሽ። ስትነሺ ግፊትሽ ይወርድ እንደሆነ መታየት አለበት። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ተኝተሽም ቆመሽም እንዲለኩሽ ጠይቂ። እስከዚያው ከአልጋ ዘለሽ አትነሺ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ተቀምጠሽ፣ እግርሽን አንቀሳቅሰሽ ተነሺ። መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቆሚ። አፍሽ ከተጣመመ፣ ምላስሽ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎንሽ ከዛለ፣ ወይም በሕይወትሽ አይተሽ የማታውቂው ራስ ምታት ድንገት ከመጣ ግን «ትንሽ ልረፍ» የለም። በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል። ለጎረቤቶቻችንም ነግሬአቸዋለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ። ሐረጎን ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ አንዴ እስከ ግማሽ፣ አንዴ እስከ ጫፍ ወጥቼ ተመለስኩ። ሳልነግርሽ ደጃፍሽ ድረስ ቀርቤ መመለሴ ነው፣ እሱንም አፉ በይኝ። ሾፌሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስልኬን ቦርሳ ውስጥ አድርጌ ሩቅ ሩቁን አያለሁ። መንገድ ላይ ቆመሽ አትጠብቂኝ፣ ይበርድሻል።

ሰኞን ፈቃድ ወስጃለሁ። አብረን ገበያ እንወጣለን። በርበሬ ተራ ላይ ቆም ካልኩ አትደንግጪ፤ ክንዴን ይዘሽ «አብሽሪ» በይኝና ትንፋሼን እስክሰበስብ ቁሚልኝ። ዘንቢሉን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።

ልጅሽ