የወጣ እብጠት ሳይመረመር እንዳይቀር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ የሰፈራችን ልጆችና በውጭ አገር የምትኖሩ ወዳጆቻችን፦

የሴቶች እድራችን፣ አቅም ለሌላቸው እህቶች የጡት እብጠት የናሙና ምርመራ ክፍያ የሚሸፍን ቋሚ ገንዘብ ለማቋቋም ወስኖ የእናንተን እርዳታ ይጠይቃል። ለዚህ ውሳኔ መነሻ የሆነው በእኔ ቤት የደረሰ ነገር በመሆኑ፣ ጥሪውን እንድጽፍ የተመረጥኩትም እኔ ነኝ።

እህቴ በ41 ዓመቷ በግራ ጡቷ ላይ ሎሚ የሚያክል፣ በጣት ሲነካ የሚንሸራተት፣ ሕመም የሌለው እብጠት አገኘች። በአንድ ክሊኒክ «የተለመደው ፋይብሮአዴኖማ ነው፣ ካንሰር አይደለም» ተባለና ወጣላት። የወጣውን ሥጋ ፎርማሊን የሚባል፣ ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ ባለበት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከተው፣ ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ እንድወስደው ከማዘዣው ጋር ለእኔ ሰጡኝ፤ በፌስታል አንጠልጥዬ ወጣሁ። ለቀዶ ሕክምናው ከከፈልን በኋላ ግን እጃችን ላይ የቀረው የታክሲ ብቻ ነበር፤ ካንሰር አይደለም ከተባለ ምን ያስቸኩለናል ብለን ዕቃዋን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥናት። ሦስት ሳምንት ከቆየች በኋላ የጣልኳት እኔ ነኝ።

በሰባተኛው ወር እብጠቱ እዚያው ጠባሳው ሥር ተመለሰ፤ በሁለት ወር ውስጥም ቡጢ አከለ። በዚህ ጊዜ ያዩአት ሐኪም አስቀድመው የጠየቁን የመጀመሪያውን የፓቶሎጂ ውጤት ነበር። አልነበረንም። በወፍራም መርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር፣ ፊሎዴስ የሚባል እምብዛም የማያጋጥም ዕጢ ሆኖ ተገኘ።

ፊሎዴስ ከ100 የጡት ዕጢዎች አንዱን እንኳ አይሞላም። ስሙ «ቅጠል» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1838 ይህን ስም ያወጣለት በውስጡ እንደ ቅጠል የተደራረቡ እጥፋቶች ስለሚታዩበት ነው። አብዛኛው የጡት ካንሰር ከወተት ቧንቧዎች ሲነሣ፣ ይህኛው የሚነሣው በመካከላቸው ካለው ደጋፊ ሥጋ ነው፤ ስለዚህ ለጡት ካንሰር የሚታዘዘው የሆርሞን ክኒን አይሠራለትም፣ የብብት ንፍፊትን ማውጣትም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። በብዛት የሚገኘው ካንሰር ያልሆነው ዓይነት ቢሆንም፣ መካከለኛና ካንሰር የሆኑ ዓይነቶችም አሉት፤ ካንሰር የሆነው ከተሰራጨ በደም አድርጎ በተለይ ወደ ሳንባ ይሄዳል። እነዚህን ለይቶ የሚያውቀው ማይክሮስኮፕ እንጂ የሐኪም እጅ አይደለም፤ በቀጭን መርፌ የተወሰደ ናሙና እንኳ ከፋይብሮአዴኖማ ለመለየት ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ይሁንና ዕጢውን ፈልቅቆ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ዙሪያውን ያለው ጤነኛ ሥጋም አብሮ መነሣት አለበት፣ ለዚህም ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የያዙት ልክ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዕጢው ትልቅ ከሆነ ጡቱ በሙሉ ይወጣል፤ የጨረር ሕክምና ለአንዳንዶቹ ይጨመራል። የእህቴ ጡት በሙሉ ወጣ። ያቺ የመጀመሪያ ናሙና ተመርምራ ቢሆን ኖሮ፣ ገና ዕጢው ሳያድግ ቦታውን በጥቂቱ አስፍቶ መቁረጥ ይበቃት ነበር ይሆናል፤ ይህ ከልቤ አይወጣም። ዛሬ ደህና ናት፤ ዕጢው ሊመለስ ስለሚችል ክትትሏን አላቋረጠችም።

የምንሰበስበው ገንዘብ የሚውለው ለሁለት ነገር ነው፦ ሐኪም ላዘዘው የወፍራም መርፌ ናሙና፣ እንዲሁም ከማንኛዋም ሴት ጡት ለወጣ እብጠት የፓቶሎጂ ምርመራ። ፊሎዴስ ጥቂቶችን ብቻ ቢይዝም፣ የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰሮች በብዛት የሚታየው በመሆኑ፣ ይኸው ምርመራ ለብዙዎች ይደርሳል። ክፍያው የማዘዣ ወረቀቱ ታይቶ በቀጥታ ለላቦራቶሪው ይፈጸማል፤ ለታካሚ በጥሬው አይሰጥም፣ ስሟም በእድሩ ስብሰባ ላይ አይነሣም። ከክፍለ ሀገር ለምርመራ የሚመጡትን ማሳደር የሚችል ቤት ያለው አባል ቢኖር፣ ያንንም እንደ መዋጮ እንቆጥረዋለን። ገንዘብ ያዣችን ከ100 ብር ጀምሮ በደረሰኝ ትቀበላለች፤ ሒሳቡም በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበባል።

ምርመራው ያልተከፈለበት ናሙና በቤቷ ያስቀመጠች ካለች፣ መዋጮው እስኪሞላ ሳትጠብቅ ዕቃዋንና ማዘዣዋን ይዛ ዛሬውኑ ወደ እኔ ወይም ወደ እድሩ ጸሐፊ ትምጣ፤ የመጀመሪያዎቹን ክፍያዎች ከእድሩ ተቀማጭ ለመሸፈን ተስማምተናል።