ፒያኖን ለብቻው ማስከፈል የጀመርንበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ፒያኖ ከሌላው የቤት ዕቃ ተለይቶ፣ በራሱ ዋጋና በራሱ ቀን እንዲጓጓዝ መወሰናችን ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። ቅር ላላችሁ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። አንዳንዶቻችሁ ግን «ብር አሳወራቸው» ብላችኋል። ይህች ቃል ከብዳኛለች። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ብዙ ሰው ሲደውልልን ፒያኖውን ከቁም ሳጥኑና ከፍሪጁ ጋር ደርቦ ነው የሚቆጥረው። ቋሚ ፒያኖ በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። አግድም የተዘረጋው ትልቁ ግራንድ ፒያኖ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ውስጡ ወፍራም የብረት ፍሬም አለ፤ በላዩ ከ200 በላይ ክሮች ተወጥረዋል። ቋሚው ፒያኖ ክብደቱ ወደ ጀርባው ስለሚያደላ፣ የማያውቅ ሰው ካዘነበለው ይገለበጣል። እግሩ ሥር ያሉት ትንንሽ ጎማዎችም ቤት ውስጥ ትንሽ ፈቀቅ ለማድረግ እንጂ ኮብልስቶን ላይ ለመግፋት አልተሠሩም።

አሁን ይህንን ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አስቡት። ደረጃው መታጠፊያው ላይ ይጠብባል። አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው ከታች በያዘው ልጅ ላይ ነው። ቢያዳልጠው መሸሻ የለውም። እነዚህን ልጆች እንደራሴ ልጆች ነው የማያቸው፤ ለእናቶቻቸው መልስ የምሰጠውም እኔ ነኝ።

«የሰፈር ጫኝና አውራጅ እያለ ለምን?» ያላችሁንም ሰምቻለሁ። ለሶፋና ለአልጋ አብረናቸው እንሠራለን፤ ጎበዞች ናቸው። ግራንድ ፒያኖ ግን እግሮቹና ፔዳሉ ተፈተው፣ በጎኑ ሳንቃ ላይ ቆሞ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ መኪናው ውስጥ በቀበቶ መታሰር አለበት። ይህን የለመዱ አራት ልጆች አሉን፤ የሚከፈላቸውም እንደ ሙያተኛ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ በክፍት መኪና አንጭንም። እንጨቱ እርጥበት ከጠጣ ድምፁ ይበላሻል።

ወጪውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ናፍጣው፣ ጎማው፣ መለዋወጫው የት እንደደረሰ ማንም አይስተውም። ይህን ሥራ በአንድ የኪራይ አይሱዙ ስጀምር ያመኑኝ ሰዎች ዛሬም ደንበኞቼ ናቸው። የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ብዙ ቤተሰብ ሲያስነሳ «ጊዜው የእናንተ ነው፣ ጨምሩ» ያሉን ነበሩ። አልጨመርንም። ሌሊት ሳይቀር ጫንን። ስግብግብ ብንሆን ያኔ እንሆን ነበር።

ለዚህ ነው ትንሽ እንድትረዱን የምለምነው። ፒያኖ ያላችሁ ቀድማችሁ የፒያኖውን፣ የበሩንና የደረጃውን ፎቶ ላኩልን። መጥተን በነፃ ለክተን፣ የማይቻል ከሆነ የማይቻል ነው እንላችኋለን። ፒያኖው አዲሱ ቤት ከገባ በኋላም ድምፁን የሚያስተካክል ቃኚ ወዲያው አትጥሩ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት አየሩን ይልመድ። አለበለዚያ ለቅኝት ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

ውሳኔውን ከማሳወቃችን በፊት ቀብድ የከፈላችሁ በድሮው ዋጋ ትስተናገዳላችሁ። አዲሱ ዋጋ የከበዳችሁም ብትሆኑ፣ ሌላ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ጊዜ ደውሉልን። በሁለትና በሦስት ጊዜ መክፈል ለሚፈልግ እንስማማለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት