ከ30 21

እማዬ፣

ትናንት «ከ30 21 አገኘሁ፣ በቃ ጃጅቻለሁ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ሌሊቱን ሙሉ ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። በስልክ ላስረዳሽ ብል ግማሹ ስለማይሰማሽ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ወንድሜ የፈተናውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሞካ የሚባለው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መፈተኛ ነው፤ ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ። ከ30 26 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ደህና ነው ይባላል። 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ ሰው 1 ነጥብ ይጨመርለታል። አንቺ ከ6ኛ ክፍል ነው ያቋረጥሽው፤ ግን ነጥቧ ስትጨመርልሽ ወረቀቱ ላይ አላየሁም። ብትጨመርስ? አንዲት ነጥብ የስንት ዓመት ትምህርት ልትተካ ነው! እርሳስና ወረቀት ይዞ ላላደገ ሰው ፈተናው ላይ ያለውን ሳጥን አስመስሎ መሳል ቀላል አይደለም።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን የጆሮሽ ነገር ነው። የማዳመጫሽ ባትሪ አልቆ እያለ አምስት ቃላት አንብበውልሽ፣ ቆይተው «አስታውሺ» አሉሽ። ያልሰሙትን ከየት ያስታውሱታል? እዚያ ላይ ብቻ 5 ነጥብ አለ።

ደግሞ ይህ ፈተና ወንፊት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ሂሳብ ስለምትወጂ አብረን እናስላ። ለምሳሌ ያህል፣ 100 ሰው ተፈተነ እንበል። ከነሱ የመርሳት ችግር ያለባቸው 10 ናቸው። ፈተናው ጎበዝ ነው፤ 9ኙን ያዛቸው። ከ90ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 72ቱን «ደህና ናችሁ» ብሎ ሸኘ፤ 18ቱን ግን በስህተት ጠረጠረ። ተጠርጣሪዎቹ ስንት ሆኑ? 27። የታመሙት 9 ብቻ። ከሦስት አንድ ማለት ነው። ወንፊቱ የሚያሳልፈውም አለ፤ ብዙ የተማረ ሰው ችግሩ ጀምሮት እያለ ጥሩ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል።

ግን እማዬ፣ አልሸነግልሽም። ባለፈው ወር አንዱን ጥያቄ በአንድ ምሽት ሦስቴ ጠየቅሽኝ። ምድጃውንም ሳታጠፊ የወጣሽበት ቀን አለ። ስለዚህ ወረቀቱን ቅደጂው አልልሽም። ሐኪሙ ቫይታሚን ቢ 12 እና ታይሮይድሽን በደም ምርመራ ይይልሽ። የሚረሳ ሰው ሁሉ አንጎሉ ታሞ አይደለም፤ የእነዚህ ጉድለት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንድ ኪኒንም ያስረሳል። ድብርትም እንደዚያው። አባዬ ካረፈ ወዲህ እንዴት እንደሆንሽ ማንም ቁጭ ብሎ አልጠየቀሽም፤ እኔም ጭምር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፈተናውን እንድትደግሚ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ቃላት ባለው ቅጂ ግን። ያው ከሆነ መልሱን ከባለፈው ልታስታውሺው ትችያለሽ፣ ያኔ ነጥቡ ያታልለናል። ጠዋት፣ በደንብ ተኝተሽ፣ ባትሪው ተቀይሮ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ እደውላለሁ። እስከዚያ የዚያን የእንቅልፍ ኪኒን ስም ከካርቶኑ ላይ ጽፈሽ ቆዪኝ።

ልጅሽ