ጉዳዩ፦ ከማን እና ከምን እንደተሠራ ያልተነገረን የፀጉርና የመዋቢያ ዕቃን ይመለከታል

ጅማ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውበት መጠበቂያ ዕቃዎች አስመጪና አከፋፋይ ድርጅታችሁ
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ጅማ ሂርማታ ገበያ አካባቢ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከእናንተ ዕቃ መውሰድ ከጀመርኩ ደግሞ ይሄ አራተኛ ዓመቴ ነው። ኬራቲን፣ የፀጉር አምፑል፣ ሊፕስቲክ፣ ሳሙና ከእናንተ ነው የምወስደው። ክፍያ አዘግይቼ አላውቅም። ቅሬታም ጽፌላችሁ አላውቅም። ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ሙሽራ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የልጅቷ ፀጉር ጫፉ ተጎድቶ ስለነበር አራት ጣት ያህል ቆረጥኩት። እናትየው ከተቀመጡበት ተነሱና መሬት ላይ የወደቀውን ፀጉር ለቃቀሙት። ከቦርሳቸው ፌስታል አውጥተው ቋጠሩት። ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ። የሰው ፀጉር የትም አይጣልም፣ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም ይላሉ። እኔም እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ።

ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ኬራቲኑን ስከፍት ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ እሱስ ከምን የተሠራ ነው?" አሉኝ።

"ኬራቲን ነው፣ እማማ።"

"ኬራቲን ምንድን ነው?"

መልስ አጣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት በሰው ፀጉር ላይ ስቀባው የኖርኩት ነገር ከምን እንደሚሠራ አላውቅም። ጠርሙሱን አዙሬ ላነብላቸው ፈለግኩ። የእናንተ ነጭ ስቲከር ተለጥፎበታል። የድርጅታችሁ ስም፣ ስልካችሁ፣ "እንኳን ደህና መጡ" የሚል ጽሑፍ። ከሥሩ ያለው የይዘት ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። "ለፀጉር ጥሩ ነው" ብዬ አለፍኩት። እሳቸውም አምነውኝ ዝም አሉ።

ማታ ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ ግን አልዋጥልኝ አለ። የፀጉር ማድረቂያውን ፎን ሰካሁና ስቲከሩን በሙቀት ቀስ እያልኩ ላጥኩት። ሙጫው ጣቴ ላይ ቀረ። ከሥሩ ያሉት ፊደሎች ከጤፍ ያንሳሉ። በስልኬ አጉልቼ ፎቶ አነሳሁና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ለሚማረው የእህቴ ልጅ ላክሁለት። ብዙም ሳይቆይ ደወለ።

ዝርዝሩ ላይ "ሄር ኬራቲን አሚኖ አሲድስ" ይላል። ኬራቲን ፀጉርና ቀንድ የተሠሩበት ፕሮቲን ነው፤ "ኬራቲን" ብቻ ቢል ኖሮ ከበግ ፀጉር፣ ከላባ፣ ከቀንድ ወይም ከሰኮና ሊሆን ይችላል አለኝ። በመዋቢያ ዕቃዎች ዓለም አቀፍ አሰያየም ግን "ሄር" የሚለው ቃል ከፊት ሲገባበት የሰው ፀጉር ነው። የሰው ፀጉር ተሰብስቦ፣ ሟሙቶ፣ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል።

ስልኩን ዘግቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መጥረጊያው ጥግ ቆሟል። የቀኑ ፀጉር ከሥሩ ተከምሯል። እኚያ እናት የልጃቸውን አራት ጣት ፀጉር ማንም እንዳይነካው በፌስታል ቋጥረው ሄደዋል። እኔ በዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ፀጉር በልጃቸው ራስ ላይ ቀብቻለሁ። ምን ያህል እንደከበደኝ ልነግራችሁ አልችልም።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ ሂዩማን ሄርም እሸጣለሁ። መስኮቴ ላይ ተሰቅሏል። የሰው ፀጉር መሆኑ በትልቁ ተጽፎበታል። የምትፈልግ ትገዛለች፣ የማትፈልግ አልፋው ትሄዳለች። አንዳቸውም ተታለልኩ ብለው መጥተው አያውቁም። እኔን ያስከፋኝ የሰው ፀጉር መሆኑ ብቻ አይደለም። መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ ላይ ስቲከር መለጠፉ ነው።

በማግስቱ ጅማ የሚመጣው የሽያጭ ሠራተኛችሁ ጋ ደወልኩ። "እህቴ፣ ኬሚካል ነው። ሁሉም ኬሚካል ነው። እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለኝ። ወደ ቢሯችሁ ስደውል ያነሳችው ልጅ "ዕውቅና ያለው ምርት ነው" ብላ ሌላ መስመር ላይ አደረገችኝ፣ እዚያው ተቋረጠ። በቴሌግራም ፎቶውን ጨምሬ ላክሁ። ታይቷል። መልስ የለም። ይሄው ሦስት ሳምንት አለፈ።

ከዚያ ወዲህ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ እያወረድኩ ማየት ጀመርኩ። የፀጉር አምፑላችሁ "ፕላሴንታ" ይላል። ደንበኞቼም በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት፣ "ፕላሴንታ አድርጊልኝ" ይላሉ። ቃሉ በአማርኛ እንግዴ ልጅ ማለት መሆኑን ስነግራቸው አንዷ ከወንበሯ ተነሳች። በእኛ ዘንድ እንግዴ ልጅ በክብር ይቀበራል እንጂ ዕቃ አይደለም። የማን እንግዴ ልጅ ነው? ካርቶኑ አይናገርም። ዛሬ ዛሬ ለመዋቢያ የሚውለው በአብዛኛው ከበግ፣ ከላም፣ ከፈረስ ወይም ከአሳማ የሚወሰድ እንደሆነ የእህቴ ልጅ ነገረኝ። ከሰው የሚወሰድም አለ። ጃፓን ውስጥ ከሰው እንግዴ ልጅ የሚሠራ መርፌ እንደ መድኃኒት ተፈቅዶ ይሰጣል። እዚያ ግን ሐኪሙም ታካሚዋም ምን እንደሆነ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው ሮዝ ካርቶንና የሳቀች ሴት ፎቶ ብቻ ነው። በግ ከሆነ በግ በሉን። አሳማ ከሆነ አሳማ በሉን። ለጅማ ይሄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ከደንበኞቼ የሚበዙት ሙስሊሞች ናቸው፣ ኦርቶዶክሶቹም አሳማ አይነኩም።

ሊፕስቲኩ ደግሞ "ሲአይ 75470" ይላል። ቁጥር ነው፣ ማን ይጠረጥራል? ካርሚን የሚባለው ቀይ ቀለም ነው። የሚሠራው በለስ ቁልቋል ላይ ከምትኖር ኮችኒል ከምትባል ትንሽ ተባይ ነው። ሴቶቹ ተባዮች ተለቅመው፣ ደርቀው፣ ተፈጭተው ነው ቀለሙ የሚወጣው። ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ ቀለም 70,000 ያህል ተባይ ያስፈልጋል ተብሎ ይገመታል። ለአገራችንም እንግዳ አይደለችም። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ለዚሁ ቀለም ተብላ ትግራይ ገባች፣ ከቁጥጥር ውጭ ሆና የገበሬውን በለስ ጨረሰችበት። ሊፕስቲክ ደግሞ ከከንፈር ላይ ይበላል። ሻይ ስንጠጣ፣ ስናወራ እንውጠዋለን። ጾም ላይ ያለች ሴት ይህን የማወቅ መብት የላትም? አለርጂ ያለባትስ? አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በዚህ ቀለም ክፉኛ ስለታመሙ ከጥር 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙ በግልጽ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል። ከተባይ እንደሚሠራ ይገለጽ የሚለውን ግን ሕጉ ሳያስገድድ ቀርቷል።

ሳሙናው ላይ "ሶዲየም ታሎዌት" ይላል። ሞራ ነው። የከብት ሞራ ከሆነ ምንም አይደለም፣ እናቶቻችንም ሳሙና በሞራ ሠርተዋል። ግሊሰሪንና ስቴሪክ አሲድ የሚሉት ግን አስቸገሩኝ። ከዘንባባ ዘይትም ይሠራሉ፣ ከእንስሳ ስብም ይሠራሉ፣ ስማቸው ግን ያው አንድ ነው። መለያውን አንብቦ ማንም አይለየውም። ማወቅ የሚችለው አምራቹን የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው። እሱም እናንተ ናችሁ።

"የገጠር ሴት ናት፣ ከእንስሳ የመጣ ነገር ሲባል ደነገጠች" እንዳትሉኝ። እኔ የሊሙ ልጅ ነኝ። አያቴ ጥርኝ ይይዙ ነበር። ጓሮ ባለች ጭስ በሞላባት ጎጆ፣ ጠባብ የእንጨት ፍርግርግ ውስጥ፣ ወንድ ጥርኝ ይታሰራል። በዘጠኝ በአሥር ቀኑ ከኋላው ጅራቱን ይዘው ዝባድ የሚባለውን ሽታው ጠንካራ የሆነ ቅባት በቀንድ ማንኪያ ያወጡለታል። ጥርኙ ሲጮህ ልጅ ሆኜ ጆሮዬን እይዝ ነበር። ያንን ጩኸት ዛሬም አልረሳሁትም፣ ትክክል ነውም አልልም። ዝባዱ በከብት ቀንድ ተሞልቶ፣ አፉ በቆዳ ተሸፍኖ ይሸጣል። መጨረሻው ፈረንሳይ ነው፣ ሽቶ ውስጥ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። የዝባድ ገዢ ሲመጣ ዝም ብሎ ቀንዱን ተሸክሞ አይሄድም ነበር። በጣቱ ጨልፎ እጁ ላይ ያሸዋል። ያሸታል። ቅቤ ገብቶበታል ወይ ብሎ ይመረምራል። አያቴም ከየትኛው ጥርኝ፣ መቼ እንደወጣ ይናገራሉ። ቡናችንም ሲሸጥ እንዲሁ ነው። ከየት ወረዳ ነው፣ የታጠበ ነው ወይስ ያልታጠበ፣ ሁሉም ይጠየቃል። ከእኛ የሚገዛ ሁሉ ይጠይቀናል፣ እንመልስለታለን። እኛ ስንገዛና ስንጠይቅ "ኬሚካል ነው" ለምን ይባላል?

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። መዋቢያን የሚቆጣጠረውም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ደንብ ቁጥር 1223/2009 ከሰው የተገኘ ሴል፣ ሕብረ ሕዋስም ሆነ ምርት መዋቢያ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። እዚያ የተከለከለ ነገር ጅማ ሲደርስ ስቲከር ተለጥፎበት መሸጡ ያማል።

ሐላል ነው አይደለም፣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ፍርድ እኔ አልሰጥም። እናንተም አትሰጡም። እሱ የሼኮቹና የአባቶች ነው። ግን እነሱም ቢሆኑ ከምን እንደተሠራ ሳይነገራቸው ምን ብለው ይመልሳሉ?

ከእናንተ የምፈልገው ይሄ ነው። ኬራቲኑ፣ አምፑሉ፣ ሊፕስቲኩና ሳሙናው ውስጥ ያሉት ከእንስሳና ከሰው የተገኙ ነገሮች ከምን እንደተወሰዱ አምራቹን ጠይቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁኝ። የእንስሳው ዓይነት ይጠቀስ። አምራቹ አልናገርም ካለም ይህንኑ ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ ለደንበኞቼ አሳያለሁ። ስቲከራችሁን የይዘት ዝርዝሩ ላይ መለጠፍ አቁሙ። ጠርሙሱ ሌላ ባዶ ጎን አለው፣ ለክቼዋለሁ፣ ይበቃል። ስቲከሩ ላይ ከስልክ ቁጥራችሁ ጎን ሁለት መስመር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጨምሩ፤ ከእንስሳ ወይም ከሰው የተገኘ ነገር ካለው ምን እንደሆነ የሚል። የሽያጭ ሠራተኛችሁንም አደራ አስተምሩት። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱም እንደ እኔ አያውቅም።

ያልተከፈቱ ሰባት ጠርሙስ ኬራቲንና ሁለት ካርቶን አምፑል አሉኝ። ደረሰኙ በእጄ ነው። መልሳችሁ ወስዳችሁ ገንዘቤን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ከመደርደሪያ አውርጃቸዋለሁ፣ ለማንም አልቀባም።

እኚያን እናት ባለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ሰርጉ አልፏል። ልጅቷ ባሏ ቤት ናት። ቡና እየተቆላ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። "አንቺ አላወቅሽም ልጄ" አሉኝ። "የሸጠልሽ ሰው ግን ያውቅ ነበር?" ምን እንደምመልስላቸው አላወቅሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። ጥያቄያቸውን ይዤ ወደ እናንተ የመጣሁት ለዚህ ነው፤ እስከዚያ መልሳችሁ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
በጅማ ከተማ የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት
(ስም፣ ፊርማና ማኅተም በዋናው ላይ አለ)

አባሪ፦ ስቲከሩ ከመላጡ በፊትና በኋላ የተነሱ ስድስት ፎቶዎች፣ የግዢ ደረሰኝ ቅጂ

ግልባጭ፦ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት