መጀመሩን የነገሩን ማቆሙንም ይንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጣችሁም ሆነ በሬዲዮ ስለ አእምሮ ጤና የሚነገረው፣ እኔ እስከተከታተልኩት ድረስ፣ ሰው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና እንዲሄድና የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ እንዲወስድ የሚመክር ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔም የዳንኩት በእርሱ ነው። ዳሩ ግን መድኃኒቱን ለዓመታት ወስዶ፣ ተሽሎት፣ ማቆም የሚፈልግ ሰው በምን ያህል መጠን፣ በስንት ጊዜ፣ በማን ክትትል እየቀነሰ መውረድ እንዳለበት የሚናገር አንድም ዓምድ አላነበብኩም። ይህ ዝምታ እኔን ያስከፈለኝን ዋጋ ሌላው እንዳይከፍል በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በመሐል ሜዳ የሒሳብ መምህር ነኝ። በ2008 ዓ.ም. አባቴ ካረፈ በኋላ የያዘኝ ኀዘን ከዓመት በላይ ሳይለቀኝ ቆይቶ ወደ ድባቴ ተለወጠ፤ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የጀመርኩትን ስሌት መጨረስ እስኪያቅተኝ ድረስ ደረስኩ። ሰርትራሊን የተባለው መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ በመጀመሪያ በቀን አንድ ባለ 50 ሚሊ ግራም ክኒን፣ በኋላም ሁለት፣ ማለትም 100 ሚሊ ግራም። ሁለት ወር ሳይሞላ እንቅልፌና የምግብ ፍላጎቴ ተመለሱ፣ ወደ ክፍሌም ገባሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በየቀጠሮው ካርዴ ላይ የሚጻፈው «ይቀጥል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። እስከ መቼ እንደሚቀጥል እኔ አልጠየቅሁም፤ የነገረኝም የለም።

ማቆም የፈለግሁበት ምክንያት ብዙ ነበር። መድኃኒቱ በከተማችን ስለማይገኝ እስከ ደብረ ብርሃን መሄድ ያስፈልጋል፤ መንገዱ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን ደግሞ የሚያውቅ የለም። ዋጋውም በየጊዜው ይጨምራል። ከሁሉ የባሰው የሰው አፍ ነው። አጎቴ፣ ክፉ አስቦ ሳይሆን አዝኖልኝ፣ «አንተ ልጄ፣ የጤነኛ ሰው ሥራ እየሠራህ የእብድ መድኃኒት እስከ መቼ ትውጣለህ?» ይለኝ ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቢያመኝም ተማሪ አያየኝም ብዬ አሰብኩና፣ ማንንም ሳላማክር ሁለቱንም ክኒን በአንድ ቀን ተውኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምንም አልነበረኝም፤ እንዲያውም ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ዓይኔን ከቀኝ ወደ ግራ ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቴን ኤሌክትሪክ እንደ ነካው ያህል ይነዝረኝ ጀመር። ቆሜ ስሄድ መሬቱ ይከዳኛል፤ ያቅለሸልሸኛል፤ በመንዝ የክረምት ብርድ አንሶላዬ በላብ ይርሳል። ሌሊት የማየው ቅዠት ከእውነት አልለይ እያለኝ ባለቤቴን ቀስቅሼ «እውነት ነው ወይ?» እያልኩ እጠይቃት ነበር። ቀን ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት አለቅስ፣ ያለ ምክንያት በልጆቼ ላይ እጮህ ጀመር፤ በዕድሜዬ ያላደረግሁትን። ጎረቤት ምች ነው አለ፣ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው አለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የተመለከተኝ የጤና ባለሙያ ደግሞ፣ ለስንት ዓመት እንደወሰድኩና እንዴት እንዳቆምኩ ሳይጠይቀኝ፣ በሽታው ስላገረሸ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው ብሎ መለሰኝ። ክኒኑን እንደገና በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ንዝረቱና ማዞሩ ለቀቀኝ። እኔም ይህንኑ የማገርሸቱ ማረጋገጫ አድርጌ ተቀበልኩት፤ አመንኩ፣ ተስፋም ቆረጥኩ።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ ወይም የእኛ አገር ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። የብሪታንያ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ፣ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ሲቆም የሚመጣው ስቃይ በአንዳንድ ሰው ላይ ጽኑና ረጅም ሊሆን እንደሚችል በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ለሕዝብ የሚሆን የአቀናነስ መመሪያም በማግሥቱ ዓመት አወጣ። ከዚያ በፊት በዚያው አገር ለሐኪሞች ይሰጥ የነበረው መመሪያ ምልክቶቹ ቀላልና በሳምንት ገደማ የሚያልፉ ናቸው የሚል ነበር። በሌላ በኩል ነገሩን ማጋነንም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ሳይካትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ደምሮ የመረመረ ሥራ እንደሚያሳየው፣ መድኃኒቱን ከሚያቆሙት ከስድስት ወይም ከሰባት ሰዎች አንዱ ገደማ በማቆሙ ሳቢያ ምልክት ይታይበታል፤ ጽኑ የሚሆነው ግን ከ35 ሰዎች በአንዱ ያህል ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ያለ ትልቅ ችግር ያቆማል። ከ35ቱ አንዱ የሆነ ሰው ግን ለእርሱ ነገሩ መቶ በመቶ ነው።

ማቋረጥ ያመጣውን ስቃይ ከበሽታው ማገርሸት ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ፤ ምንም እንኳ ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ ድንበር ባይኖራቸውም። የማቋረጥ ስቃይ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ በተቀነሰ ወይም በቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል፤ እንደ ንዝረትና ማዞር ያለ፣ በፊተኛው ሕመም ያልነበረ የአካል ምልክት ይዞ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ሲመለስም ቶሎ፣ አንዳንዴ በሰዓታት ውስጥ፣ ይለቃል። ድባቴ ሲያገረሽ ግን በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ይገባል፣ መልኩም የፊተኛውን ይመስላል፣ መድኃኒት ሲጀመርለትም ለመሻል ሳምንታት ይወስዳል። የእኔ ስቃይ በሁለት ቀን ውስጥ መልቀቁ ብቻውን ነገሩን ይናገር ነበር፤ የሚያዳምጠው ሰው ጠፋ እንጂ።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለሌላ ጉዳይ በሄድኩበት ጤና ተቋም አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ካርዴን ገልጣ ታሪኬን በሙሉ አስነገረችኝ። ከዚያ በፊት ያማከርኳቸው ሁሉ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ተርተውልኛል፤ ስንት ሚሊ ግራም በስንት ሳምንት የሚለኝ ግን አጥቼ ነበር። እርሷ ወረቀት አወጣችና፣ «መምህር፣ ሒሳብ ያስተምራሉ አይደል? እንግዲያው ይህን ከእኔ በላይ ይረዱታል» ብላ ጎባጣ መስመር ሳለችልኝ። መስመሩ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምስለው ሃይፐርቦላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመድኃኒቱ መጠንና በአንጎል ላይ ያለው ሥራ እኩል አይራመዱም። የሰርትራሊን ዘመድ የሆነው ሲታሎፕራም በቀን 20 ሚሊ ግራም ሲወሰድ፣ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር መልሰው ከሚሰበስቡት በሮች 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል። መጠኑ ሦስት እጥፍ ሆኖ 60 ሚሊ ግራም ቢደርስ እንኳ የሚይዘው ገና 90 በመቶ አይሞላም። ወደ ታች ግን 5 ሚሊ ግራም ብቻ ሲወሰድ እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በር ተይዟል። ስለዚህ ከላይ ብዙ ሚሊ ግራም መቀነስ ትንሽ ለውጥ ሲያመጣ፣ ከታች ጥቂት ሚሊ ግራም መቀነስ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ከመጨረሻዋ ክኒን ወደ ባዶ መዝለል ደግሞ ከሁሉ የሚከፋው ዝላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የተጓዘ ሰው ይህን ያለ ሒሳብም ያውቀዋል። እስከ ጣርማ በር ድረስ መኪናው ደጋውን ይዞ ይሄዳል፣ ተሳፋሪውም ያንቀላፋል። ከዋሻው ወዲያ ግን፣ የቀረው መንገድ አጭር ሆኖ ሳለ፣ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ እየለካ ይወርዳል። እኔ በ2014 ያደረግሁት ገደሉን በቀጥታ መውረድ ነበር።

በአዲሱ እቅድ ከ100 ወደ 75፣ ከዚያም ወደ 50 ሚሊ ግራም በየስድስት ሳምንቱ ወረድኩ፤ የቀነስኩት መጠን ግማሹ ሲሆን ከሁለት ቀን ራስ ምታት በቀር አልተሰማኝም። 37 ተኩል ላይም እንዲሁ አለፈ። ከ25 ወደ 12 ተኩል ስወርድ ግን ያ ንዝረት ተመለሰ። ነርሷ አልደነገጠችም፤ ወደ 25 መልሳ ሁለት ወር አቆየችኝና በሁለቱ መካከል ባለ መጠን እንደገና አስጀመረችኝ። ወደ ኋላ መመለስ ሽንፈት እንዳልሆነ ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። ባለቤቴ በደብተር የየዕለቱን እንቅልፌንና ቁጣዬን ትመዘግብ ነበር፤ ቁጣዬን እኔ ራሴ ብመዘግበው ኖሮ ብዙው ሳይጻፍ ይቀር እንደነበር ታውቃለች።

እዚህ ላይ ከሁሉ ያስቸገረኝ ነገር ተራ የሚመስል ነው፤ ትንሹ ክኒን የለም። ፋርማሲዎቻችን ያላቸው ባለ 50 ሚሊ ግራም ነው። መሐሉ ላይ መስመር ስላለው ለሁለት ይከፈላል፤ ሩብና ስምንተኛ ለማድረግ ግን ምላጭ ይዞ መቀመጥ ነው፣ ቁራጩም እኩል አይሆንም፣ ዱቄቱም ይረግፋል። በሌላው ዓለም በጠብታ የሚወሰድ ፈሳሽ አለ፤ እኛ ጋ አላየሁትም። አንዳንዱ ሰው ችግሩን ለመሸሽ ቀን እየዘለለ ይውጣል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ሰርትራሊን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት አንድ ቀን ያህል ብቻ ስለሚበቃው፣ ቀን መዝለል ማለት በየሁለት ቀኑ ትንሽ ማቋረጥ ማለት ነው። ፍሉኦክሴቲን የተባለው ባለ 20 ሚሊ ግራም እንክብል ከነቅሪቱ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ለእርሱ ነገሩ ይለያል። ስለዚህ የአንዱን መድኃኒት ዘዴ ለሌላው መዋስ አይገባም፤ ማንም አንባቢ የእኔን ቁጥሮች እንደ ማዘዣ እንዳይወስድብኝም አደራ እላለሁ።

አደራዬን የማጠብቀው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኞቹ በየቤቱ «የእንቅልፍ ክኒን» የሚባለውን ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ናቸው፤ እርሱን በድንገት ማቆም የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያስከትልና ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል፤ መድኃኒቱም ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ አደጋው ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኞቹ ስኪዞፍሬንያ ወይም ባይፖላር ለተባሉት ጽኑ የአእምሮ ሕመሞች የሚታከሙ ናቸው። ለእነዚህ በጥንቃቄ መቀነስ እንኳ ያለ አደጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ የታተመ፣ ስኪዞፍሬንያና መሰል ሕመም ያለባቸውን 253 ታካሚዎች ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ በክትትል መድኃኒታቸው ከተቀነሰላቸው 25 በመቶው ላይ ሕመሙ በጽኑ ሲያገረሽ፣ ባልተቀነሰላቸው ላይ 13 በመቶ ነበር። በድባቴ መድኃኒትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሌላ የእንግሊዝ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካቆሙት 56 በመቶው፣ ከቀጠሉትም 39 በመቶው ዳግመኛ ታመዋል። መቀጠልም ማቆምም የየራሳቸው ዋጋ አላቸው፤ ውሳኔው የሚገባው ይህን አውቆ ለሚወስን ሰው ነው። በመካከሉ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበት ሰው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ስለ ጠበልም አንድ ነገር ሳልል ባልፍ የሰሜን ሸዋ ሰው አልሆንም። ሸንኮራ ዮሐንስና ፃድቃኔ ማርያም ባሉበት አገር የአእምሮ ሕመምተኛ ጠበል አይሂድ ማለት ከንቱ ነው፤ እኔም ተጠምቄያለሁ፣ ተጽናንቻለሁም። ችግሩ መድኃኒት ከእምነት ጋር አይሄድም ተብሎ ክኒኑ በአንድ ቀን ሲጣል ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለሕዝቡ በአደባባይ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ይኸው ቃል በየጠበሉ ቦታ ቢሰማ፣ ከብዙ የጤና ትምህርት ይልቅ የሚደመጥ ይመስለኛል።

የሐኪሞቻችንን ብዛት አውቃለሁ። ለረጅም ዘመን አገሪቱ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ እንደነበረም አውቃለሁ፤ ስለዚህ የማይቻለውን አልጠይቅም። «ይቀጥል» ከሚለው ቃል አጠገብ «እስከዚህ ወር፤ ከዚያ ማቆም ይቻል እንደሆነ ይታይ» ብሎ ለመጻፍ ተጨማሪ ሐኪም አያስፈልግም። ማዘዣ የሚጽፍ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን «ይህን በራስህ በድንገት አትተው፤ መተው ስትፈልግ ተመለስ፣ አልቆጣህም» ቢል ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። እኔ ያልተመለስኩት ቁጣ ፈርቼ ነው። መድኃኒት አቅራቢው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ለዞኑ ሲያቀርብ ባለ 25 ሚሊ ግራሙን ሰርትራሊን ቢያስብበት የብዙ ሰው ምላጭ ይቀመጥ ነበር። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱ ሳይታሰብ የሚቋረጥበት ሰው ቁጥርም ቀላል ስላልሆነ፣ ቢያንስ ከቀጠሮ በላይ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ በእጁ እንዲኖር መፍቀድ ያስፈልጋል።

እኔ ዛሬ ያለሁት በስምንተኛዋ ቁራጭ፣ በ6 ሚሊ ግራም ገደማ ላይ ነው። የሚቀጥለው ቅነሳ የፈተና ወረቀት አርሜ ከጨረስኩ በኋላ እንዲሆን ከነርሷ ጋር ተስማምተናል፤ በእርማት ሰሞን መቀነስ ለተማሪዎቹም አይበጅም። ስሜ በጋዜጣው ላይ እንዳይወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ መምህር
መሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ